ሳቅ እስኪያልቅ

ጎረቤቴ የነበሩት ተዋናይ ሁለት ጊዜ ሞተዋል። በመጀመሪያው ሞታቸው አገር አለቀሰ፣ በሁለተኛው አገር ሳቀ። የመጀመሪያውን እርሳቸውም ደርሰውበታል፤ ድንኳን ገብተው ንፍሮ ቀምሰዋል። የሁለተኛውን የምናገረው እኔ ነኝ፣ አደራ አለብኝ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ስማቸው ሲጠራ ኖሮ የጠቀማቸው ነገር የለም።

እኔ ሶማሌ ተራ መጋረጃ እሸጣለሁ። የምኖረው ተክለ ሃይማኖት፣ ብዙ በር ባለው አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሼ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ባለችው አንድ ክፍል ከታላቅ እህታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሳቂታ አይደለሁም። ደንበኞቼ "እትዬ፣ ዛሬ ማን አስቀየመዎት?" ይሉኛል። ማንም አላስቀየመኝም፣ ፊቴ ነው። ሰው በሆነ ባልሆነው ሲገለፍጥ ደግሞ ያናድደኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጋሼ አደራውን ለእኔ የሰጡት በዚሁ ፊቴ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ጋሼን የማያውቅ አልነበረም። በወጣትነታቸው በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ቆጥቋጣ የቤት አከራይ ሆነው ተጫውተዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ይቆሙና "ቁጭ በሉ፣ ግን ወንበሩን አትንኩ" ይላሉ። በቃ፣ ይህችው ናት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መድረክ ላይ ብዙ ሠርተዋል፤ ሰው ግን የያዘው ይህችን ብቻ ነው። የሰባተኛን መንገድ ሲያቋርጡ ተሸካሚው ከነሸክሙ ዞሮ "ወንበሩን አትንኩ!" ይላቸዋል። የታክሲ ረዳቱ ይላቸዋል። አንዴ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለማኙ ምጽዋቱን ተቀብሎ ከምርቃቱ ቀጥሎ ይህንኑ ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እርሳቸው እጃቸውን አንሥተው ፈገግ ይላሉ። ፈገግታው ከጥርስ አያልፍም።

ኋላ ላይ መድረኩ ሲርቃቸው በድምፃቸው መኖር ጀመሩ። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሞንታርቦ ተደርጎ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው የተቀዳ ማስታወቂያ አለ አይደል? ከዚያ ውስጥ የብዙው የጋሼ ድምፅ ነበር። ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ብርድ ልብስ የሚያከፋፍሉት ሀጂም አስቀድተዋቸው ነበር። "ዛሬ ነው! ነገ የለም! ይምጡ፣ ይውሰዱ!" ጋሼ ቤታቸው ተኝተው እያቃሰቱ እኔ ሱቄ ውስጥ ሲጮኹ እሰማቸዋለሁ።

ግቢያችን የገቡ ሰሞን "የኔን ድራማ አይተሻል?" አሉኝ።

"አይቻለሁ።"

"እና?"

"እርስዎ አያስቁኝም፣ ጋሼ።"

ይቀየማሉ ብዬ ነበር። ትክ ብለው አዩኝና "ተመስገን" አሉ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። መድኃኒቱ አልይዝላቸው ሲል ከከተማ ራቅ ብሎ ወዳለ አንድ ጠበል ሄዱ። እዚያ ስልክ አይከፈትም። ከስተው፣ ጢማቸው አድጎ፣ ከጠበልተኛው ጋር ተጋድመው ሳለ አንድ ስሙን የማላውቀው ሰው ስልኩ ላይ ቁጭ ብሎ ገደላቸው። "አንጋፋው አርቲስት በጠበል ቦታ ሳሉ አረፉ፤ አስከሬናቸው ነገ ይገባል" ብሎ ጻፈ። ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንዱ ከአንዱ እየቀዳ እስከ ረፋዱ ድረስ ከተማውን አዳረሰው። እህታቸው ስኳር ዓይናቸውን አድክሞታል፤ ስልክ አያነቡም። ጎረቤት ተሰብስቦ ገብቶ አረዳቸው። የጋሼ ስልክ ላይ ቢደወል ዝግ ነው። የተዘጋ ስልክ ደግሞ ሞት ላመነ ሰው በቂ ማስረጃ ነው።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ሁለት ሰዎች አስከሬን ሊያመጡ መኪና ይዘው ሄዱ። ሀጂ ሞንታርቧቸውን አጠፉ፣ "የሞተ ሰው ድምፅ አይነገድበትም" ብለው። ተዋንያን መጡ፣ ካሜራ መጣ፣ ግቢው መቆሚያ ጠፋ። በድንኳኑ መግቢያ የጋሼ የወጣትነት ፎቶ ባነር ላይ ተሰቀለ፤ ጥቁር ፀጉር፣ ሙሉ ጉንጭ፣ ጥርስ በጥርስ።

አስከሬን ሊያመጡ የሄዱት በአንዱ መንገድ ሲወጡ አስከሬኑ በሌላው መንገድ በሚኒባስ ይመጣ ነበር። ጋሼ የጠበል ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ድንኳን ያያሉ። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ድንኳን ያየ ሰው በር ላይ ቆሞ "ማን ሞተ?" አይልም። ነውር ነው። ገብቶ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፣ ሲረጋጋ ጎኑ ያለውን ቀስ ብሎ ይጠይቃል። ጋሼም እንደ ወጉ አደረጉ። የሞተችው እህታቸው ናት ብለው አመኑ፤ በዚያ ግቢ ስኳር ያደከማት እሷ ናትና። ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ ነበርና ባነሩን ቀና ብለው አላዩም። ጥግ ላይ ባለችው አግዳሚ ተቀምጠው ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው አለቀሱ።

እኔ ውኃ እያዞርኩ ነበር። አንድ የከሱ ሽማግሌ ትከሻቸው እየተርገበገበ ሲያለቅሱ አይቼ አዘንኩ፣ ምን ያህል ቢወዷቸው ነው አልኩ። ኩባያውን ስሰጣቸው ጋቢው ትንሽ ገለጥ አለ። እጄ ላይ ያለው ውኃ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ፈራሁ፤ አማተብኩ። እርሳቸው ግን መፍራቴንም አላዩ።

"መቼ አረፈች?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ማን?"

"እህቴ ናታ።"

"እትዬማ ደኅና ናቸው፣ ቤት ውስጥ እያለቀሱ ነው።" ጆሯቸው ላይ ጎንበስ አልኩ። "ጋሼ፣ የሞቱት እርስዎ ነዎት።"

ለቀባሪው አረዱት ሲባል እሰማለሁ። እኔ ለሟቹ አረዳሁት።

አልደነገጡም። ቀና ብለው ባነሩን አዩ። ከዚያ ወደ ፊት አዩ። የእድሩ ዳኛ ወረቀት ይዘው ተነሥተው ነበር፤ ከአስከሬኑ በፊት የሕይወት ታሪካቸው ለካሜራው ይነበብ ተብሎ። ጋሼ ክንዴን ያዙኝ።

"ቆይ፣ እንዳትናገሪ። ትንሽ ልስማ።"

"እትዬ ፊታቸውን እየነጩ ነው እኮ!"

"ትንሽ ብቻ። ሲያልቅ እነሣለሁ።"

ተናደድኩባቸው፤ አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። ግን ክንዴን አልለቀቁኝምና ቆምኩ። የእድሩ ዳኛ አነበቡ። አንጋፋው አርቲስት፣ በዚህ ተወልደው፣ በዚያ ተምረው፣ ሕዝብን ሲያዝናኑ ኖረው፣ በተለይም በማይረሳው የቤት አከራይ ገጸ ባሕርያቸው፣ በሳሙና ማስታወቂያቸው፣ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም። ቀጥሎ የሙያ ባልደረባቸው የነበሩ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ተዋናይ ተነሡና አብረው የሠሩበትን ዘመን አወሩ። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው ይሰሙ ነበር፤ አንድ የሚጠብቁት ነገር እንዳለ ገባኝ። ሰውየው "መቼም ይህን ድንኳን ቢያዩት ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ" አሉ። "ቁጭ በሉ፣ ግን ወንበሩን አትንኩ!" ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ተቀመጡ፤ ሌላ የጨመሩት የለም።

ጋሼ ክንዴን ለቀቁኝ። ጋቢያቸውን ከፊታቸው አንሥተው ቆሙ። "አልሞትኩም" አላሉም፤ ዝም ብለው ቆሙ። ከኋላቸው የተቀመጠ ጎረምሳ ጋቢያቸውን ጎተት አደረገና "አባት፣ ይቀመጡ፣ ካሜራውን ጋረዱት" አላቸው።

ማንም አላወቃቸውም። ባነሩ ላይ ላለው ሰው የሚያለቅስ ሁሉ አጠገቡ የቆሙትን አላወቀም። የጮህኩት እኔ ነኝ። "እሳቸው ናቸው! እሳቸው ናቸው እኮ!" ከዚያ በኋላ የሆነው ልቅሶ ነው ልበለው ሠርግ? አንዱ ወድቋል፣ አንዱ በድንኳኑ ጎን ሾልኮ ሮጧል፣ ሴቶቹ እልል ብለዋል። እያነቡ እስክስታ የሚባለውን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። እህታቸው ተደግፈው ወጡ። በደከመው ዓይናቸው ፈንታ በእጃቸው የጋሼን ፊት ዳበሱ፣ ጢሙን ዳበሱ፣ "እሱ ነው" አሉ። ከዚያ በጥፊ መቷቸው። ከዚያ አቅፈዋቸው አለቀሱ።

ገና ከእቅፋቸው ሳይወጡ ከሰው መሀል አንዱ "ጋሼ፣ ወንበሩን አትንኩ በሉልና!" አለ። ሌላውም ተቀበለ። ስልኮች ተነሡ። ጋሼ እህታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ በዚያ በጠበል በነጣ አፋቸው "ቁጭ በሉ፣ ግን ወንበሩን አትንኩ" አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ሊበር ደረሰ። እኔ ወደ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው አይተናል። የቁም ልቅሶ ግን አዲስ ነገር ነበርና ወሬው አልበርድ አለ። ሞቷል የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል እያለ የሚያጽናናቸውም ነበር። ሰባተኛ ላይ ሰዎች እያስቆሟቸው ይነኳቸዋል፣ ፎቶ ይነሣሉ። "ከሞት የተነሡት" የሚል ስም ወጣላቸው። ዕድሜ ልካቸውን መድረክ ላይ የሠሩት ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ አሁን እርሱም ላይ አንድ ጨመረላቸው፣ ያውም ያልሞቱት ሞት።

አንድ ወጣት ፖድካስት ላይ ጋበዛቸው። ኮታቸውን እኔ ተኩሼላቸው፣ ደክመው ስለነበር ይዣቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ "ዛሬ እነግራቸዋለሁ" ይሉ ነበር። ምኑን እንደሆነ አልነገሩኝም። ልጁ ማይክራፎኑን አስተካክሎ "እሺ ጋሼ፣ እዚያ ማዶ ምን አለ?" አለና ራሱ ሳቀ። ጋሼ ስለ አንድ ቴአትር ማውራት ጀመሩ። ልጁ በየዓረፍተ ነገሩ "ኧረ ጋሼ፣ ይገሉናል!" እያለ ጠረጴዛውን ይመታል። የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ግን ሰው ሊስቅ ከተዘጋጀ ምን ታደርገዋለህ? ጋሼ መሀል ላይ ተውትና ያችኑ ዓረፍተ ነገር ብለውለት ወጡ።

በሚቀጥለው እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ከበራፌ ላይ ተቀምጬ መጋረጃ እሸነሽን ነበር። ጋሼ በርጩማቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

"አንቺ እኔ ላይ ስቀሽ አታውቂም" አሉኝ።

"ይቅርታ፣ ጋሼ።"

"የምን ይቅርታ? ለዚህ ነው ላንቺ የምነግርሽ።"

ነገሩኝ። ከድራማው በኋላ አንድ አዘጋጅ ሐዘን ባለበት ቴአትር ላይ የአባት ቦታ ሰጥቷቸው ነበር። የልጁ አስከሬን የማይመጣለት አባት ነው፤ የሚመጣለት የልጁ ጫማ ብቻ ነው፣ በፌስታል። ያንን ተቀብሎ ሁለት ቃል ይናገራል። "በደንብ ተለማምጄው ነበር" አሉ። "ቤቴን ዘግቼ፣ የራሴን ጫማ በፌስታል አድርጌ፣ እህቴ አበደ እስክትል። የመጀመሪያው ቀን መድረክ ላይ ስወጣ አዳራሹ ሳቀ። ገና አፌን ሳልከፍት። 'ወንበሩን አትንኩ' ብሎ የጮኸም አለ። በማግስቱም ሳቁ። አዘጋጁ ቦታውን ለሌላ ሊሰጥብኝ ነው። አልፈርድበትም፣ ቴአትሩን እያበላሸሁበት ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አንድ ምሽት፣ ያው ሳቁ። ጓደኛዬ ፌስታሉን ሰጠኝ፣ እሱም ሳቁ ተጋብቶበት ፊቱን አዙሯል። ያ ጥቁር መነጽር ያደረገው፣ ድንኳን ውስጥ ያየሽው። እኔ ቃሌን አልተናገርኩም። ፌስታሉን እንደያዝኩ ቆምኩ። ባሰባቸው። ከመጋረጃ ጀርባ የረሳሁ መስሏቸው ቃሉን ይነግሩኛል፤ ቆምኩ። ሳቅ ያልቃል፣ ልጄ። ሰው አይመስለውም እንጂ ያልቃል። መጀመሪያ ከፊት ያሉት ተዉ። ከዚያ ሰገነቱ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ፣ እሱም ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አፈረ። ከዚያ ዝም። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። የፌስታሉ ድምፅ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማ ነበር። ያኔ ሁለቱን ቃል ተናገርኩ።"

"ምን ብለው?"

"'ጠብቦት ነበር' ብዬ።" ጫማውን ማለታቸው ነው። ልጁን የጠበበውን፣ አባት ሌላ ያልገዛለትን።

ከዚያ ምሽት በኋላ ቴአትሩ ሰው አላገኘም ተብሎ ወረደ። ጋዜጣ አልጻፈውም፣ ፎቶ አልተነሣም፣ ያዩት ሰዎች ማን እንደሆኑም አይታወቅም። "እኔ በሕይወቴ የሠራሁት እሱን ነው" አሉ። "ሌላው እንጀራ ነው። ድንኳን ውስጥ ያን ያህል የቆየሁት እሱን የሚያነሣ አለ ብዬ ነው። አንድ ምስክር አለኝ፣ ያው ጓደኛዬ፣ እሱም ወንበሩን አትንኩ አለ።" ወደ እኔ ዞሩና "የምር የሞትኩ ቀን አንቺ ንገሪልኝ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እኔ እሺ ካልኩ እሺ ነው።

ክረምቱ አልፎ ግቢያችን ግማሹ ለልማት ተነሣ። ገሚሱ ጎረቤት ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ እድሩም ሳሳ። የጋሼ ሆድ ግን አልተመለሰም። ውኃ እንኳ አልረጋላቸው አለ። አንድ ረፋድ እህታቸው ሱቄ ደወሉ። "ሄደ" አሉ። ሱቄን ዘግቼ ስደርስ እጃቸው ገና ሙቀት ነበረው። እኔ ነኝ ዓይናቸውን የከደንኩላቸው። ምርር ብዬ አለቀስኩ፣ አባቴ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

እንግዲህ መርዶው ነው የባሰው። የእድሩ ለፋፊ ጥሩንባውን ይዞ ሲዞር ሰው በመስኮት ብቅ እያለ "ደሞ ጀመሩ?" ይለዋል። አንዷ "የዛሬውስ በስንት ቀን ይነሣሉ?" ብላ ሳቀች። አልጋው ላይ ተዘርግተው ያየኋቸው እኔ ሞታቸውን በሰው በር እየዞርኩ መማል ያዝኩ፤ "እመብርሃንን፣ የምር ነው።" ስልክ ላይ በጻፍኩት መርዶ ስር የሳቅ ምስል ተደረደረ። "የባለፈው አልበቃችሁም?" ይላል አንዱ። ሌላው የአስከሬኑን ፎቶ ካላየሁ አላምንም ብሎ ጻፈልኝ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። ጥቁር መነጽር ላደረጉት ተዋናይ ደወልኩ። "እህቴ፣ እኔ ሁለት ጊዜ አልሸወድም" አሉና ዘጉት። መልሼ ብደውል አያነሡም።

በማግስቱ አስከሬኑን ይዘን ስንወጣ እህታቸው አንድ ፌስታል ሰጡኝ። "ጫማው ናት፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ለነዳያን ስጪልኝ" አሉ። ስለ ቴአትሩ አያውቁም፣ ጋሼ ነግረዋቸው አያውቁም። ተቀበልኩ። መንገዱ በእኛ ሱቆች በኩል ነው። ሣጥኑ በሀጂ ደጃፍ ሲደርስ ሞንታርቦው "ዛሬ ነው! ነገ የለም!" ይላል፣ በጋሼ ድምፅ። ሮጬ ገባሁ።

"ሀጂ፣ በአላህ፣ ያጥፉት፣ እያለፉ ነው።"

"ማን?"

"ጋሼ ናቸዋ!"

"ባለፈውም አጥፍተን ነበር እኮ፣ እህቴ" አሉኝ፣ እየሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም። የምር መስሏቸው ቢሆን ኖሮ ራሳቸው ሣጥኑን ይሸከሙ ነበር። ግን ዓይኔን ሲያዩ ሳቃቸው ቆመና ወደ ማጥፊያው ሄዱ፤ ሣጥኑ ግን አልፎ ነበር። መንገዱ ዳር የቆመው ሰው ድምፁን ከሞንታርቦው እየሰማ፣ ሣጥኑ ላይ ያለውን ፎቶ እያየ፣ ለስልክ የሚቀረጽ ቀልድ መስሎት ይስቅ ነበር። ከነሸክሙ የቆመ አንድ ተሸካሚ "ወንበሩን አትንኩ!" አለ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ በፍቅር ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ጥቂት ነን። ፍትሐቱ አለቀና የእድሩ ዳኛ ወረቀት አወጡ። ያው ወረቀት ነው። የባለፈው። ቀኑን ብቻ በስክሪብቶ ሰርዘው አድሰውታል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የሳሙናው ማስታወቂያ፣ የቤት አከራዩ፣ ያው ድንገተኛ ሕመም። ሲጨርሱ "አንድ ቃል አለኝ" ብዬ ወጣሁ። የእድሩ ዳኛ ደነገጡ፣ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

"ጋሼ አንድ ምሽት ብዙ ሰው ዝም አሰኝተው ነበር" ብዬ ጀመርኩ።

ከኋላ አንድ ድምፅ "ወንበሩን ነክተውባቸው ነዋ!" አለ። ሳቁ። ሁሉም ማለት ይቻላል። ሣጥኑን የያዙትም፣ የእድሩ ዳኛም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ትከሻቸው ይነቃነቅ ነበር። እህታቸው ብቻ አንገታቸውን ደፍተዋል። አፌ ላይ የመጣው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚባል አልነበረም። ልተፋው ስል ፌስታሉ እጄ ላይ መኖሩን አየሁ።

ቆምኩ። ፌስታሉን በሁለት እጄ ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ። መጀመሪያ ባሰባቸው፤ የረሳሁ መሰላቸው። አንዲት ሴት "በርቺ" አለችኝ። ቆምኩ። ከፊት ያሉት መጀመሪያ ተዉ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያ ከኋላ የተናገረው ልጅ ብቻውን ቀረ፣ እሱም ግራ ቀኝ አየና ራሱን አጎነበሰ። ከዚያ ዝም። ጋሼ አልዋሹኝም። የፌስታሉ ድምፅ ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ምሽቱ ነገርኳቸው፣ እንዳሉኝ አድርጌ፣ እስከ ሁለቱ ቃል ድረስ። ማንም አልሳቀም። እህታቸው ቀና ብለው ወደ ድምፄ አዩ። ሣጥኑ እስኪወርድ ድረስ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ደስ አለኝ። በቀብር ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው፣ ግን አለኝ። አደራዬን ተወጣሁ ብዬ ገብቼ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ሱቄ ውስጥ መጋረጃ ስለካ ገዢዋ ስልኳን አየት አደረገችና እኔን አየችኝ። "እትዬ፣ ይቺ እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለች። አሳየችኝ። ያ ከኋላ የነበረው ልጅ ቀርጾን ኖሯል። ርእሱ "ቀብር ላይ ያልተጠበቀ አስቂኝ ነገር" ይላል። እኔ ፌስታል ይዤ ቆሜአለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ ዘፈን ተደርጎበታል። ከዚያ ወዲያው ሣጥኑ ሲወርድ ይታያል። ስልኩን ከእጇ ወስጄ መልሼ አየሁት፣ ደግሜ መልሼ አየሁት፣ የዘለለኝ ነገር ያለ መስሎኝ። ዝም ያልንበትን ቆርጦታል።